ሆርቶን ፉት፤ ከመድረክ ተዋናይነት ወደ ቴሌቪዥን ደራሲነት

ሲኒማ ወይም ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የተዋናዮቹን መልክ ለብዙ ጊዜ ያስታውሳል። ተዋናዮቹ የሚናገሩትን ቃል ብቻውን ተቀምጦ የጻፈላቸውን ሰው ግን ስሙን እንኳ ልብ ብሎ የሚያነብ ጥቂት ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ሰው ከነዚህ ከመጋረጃ በስተጀርባ ከሚቀሩት ወገን ነው። ስሙ ሆርቶን ፉት ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። በልጅነቱ የተመኘው ግን ከመጋረጃው በስተፊት መቆምን ነበር። ተዋናይ ለመሆን ከወላጆቹ ቤት ወጣ፤ ለዓመታትም ደከመበት፤ ከዚያ በኋላ የሚስማማው ሥራ ሌላ መሆኑን ተረዳ። እንዴት እንደ ተረዳውና ከተረዳውም በኋላ ምን እንዳገኘው መስማት ነገ ምን እንሆን ይሆን እያልን ለምናስብ ለእኛ ለተማሪዎች ከንቱ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ሆርቶን ፉት የተወለደው ማርች 14 ቀን 1916 ዓ.ም. በቴክሳስ ውስጥ ዋርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዋርተን ከታላቁ ከሂውስተን ከተማ በደቡብ ምዕራብ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጥጥ አገር ናት። ጥጡ የበረከተ እንደ ሆነ ሱቁ ሁሉ ይደምቃል፤ ጥጡ የጠፋ ወይም ዋጋው የወደቀ እንደ ሆነ ነጋዴው ሁሉ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። አባቱ የወንዶች ልብስ መሸጫ ሱቅ ነበረው። ይህ አባት ገና በ12 ዓመቱ አባቱ ሞቶበት ከዘመድ ዘመድ ቤት እየተንከራተተ ያደገ ሰው ነው። እናቱ ደግሞ ከከተማው ባለጸጎች ከአንዱ ቤት የተወለደች ስለ ነበረች አባቷ ጋብቻውን አልፈቀደም ነበር፤ ሁለቱ ግን በ1915 ዓ.ም. ሳይፈቀድላቸው ተጋቡ። ኋላ ግን አያትየው ታርቀው ከራሳቸው ቤት አጠገብ ቤት ሠሩላቸው፤ ሕፃኑ ሆርቶንም በሁለቱ ቤቶች መካከል እየተመላለሰ አደገ።

በዚያ ዘመን በዋርተን ማታ ማታ ትልልቆቹ ሰዎች በበረንዳ ላይ ተቀምጠው ያወጉ ነበር። ማን እንደ ከበረና ማን እንደ ደኸየ፣ ማን በመጠጥ እንደ ተበላሸ፣ በ1918 ዓ.ም. በደረሰው የኅዳር በሽታ በየቤቱ ማን እንደ ሞተ ይወራል። ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ እሱ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል። አንዱን ታሪክ አክስቱ በአንድ ዓይነት፣ አያቱ በሌላ ዓይነት ሲያወሩት እየሰማ ያው ነገር በሁለት አፍ ሁለት መልክ እንደሚኖረው ገና በልጅነቱ ተገነዘበ። ይህ ነገር በኋላ ምን እንደ ጠቀመው ወደ ፊት እናያለን።

አሥር ዓመት ያህል ሲሆነው ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ቆረጠ። ከዘመዶቹ መካከል በዚህ ሙያ የኖረ አልነበረም፤ በዋርተንም ቢሆን አልፎ አልፎ ድንኳን ተክለው ከሚጫወቱት ተጓዦች በስተቀር የቴአትር ሰው አይገኝም። ሆኖም ልጁ ሐሳቡን አልለወጠም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ16 ዓመቱ ሲጨርስ ዘመኑ የጥጥ ዋጋ ወድቆ አገሩ ሁሉ የተቸገረበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ባለ ሱቅ የበኩር ልጁን ለተዋናይነት ትምህርት ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሩቅ አገር መላኩ ለጎረቤት እንኳ የሚያስገርም ነው። አባቱ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ እንዲቆይ ለመነው፤ በኋላ ግን ፈቀደ። በ1933 ዓ.ም. ሆርቶን በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ወደ ፓሳዴና የቴአትር ትምህርት ቤት ሄደ።

እዚያ የጠበቀው የመጀመሪያው ችግር አነጋገሩ ነበር። የደቡብ አገር ሰው እንግሊዝኛን ሲናገር ቃሉን እየጎተተ ስለ ሆነ መምህራኑ ይህንን ካልተወ በመድረክ ላይ እንደማይሆን ነገሩት። እሱም ከአገሩ ይዞት የመጣውን አንደበት ለማራቅ ቀን ከሌት ይለማመድ ጀመር። ደግሞም በዚያው በካሊፎርኒያ ሳለ አያቱ ኤቫ ለጋሊየን የምትባለው ታላቅ ተዋናይት የኢብሰንን «ሄዳ ጋብለር» ስትጫወት እንዲያይ ወሰደችው። ያችን ሴት ካየ በኋላ የሲኒማ ዝነኛ የመሆን ሐሳብ ፈጽሞ ጠፋለትና ልቡ በእውነተኛው ቴአትር ላይ ተተከለ።

ከፓሳዴና ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ተዋናይ ቁጥር ስፍር አልነበረውም፤ እሱም እንደ ሌሎቹ ከቢሮ ወደ ቢሮ እየዞረ ደጅ ጠና። ዕድል ሆኖ ግን ከሩሲያ የመጡ መምህራንን አገኘ። እነዚህ መምህራን ታማራ ዳይካርሃኖቫ፣ አንድሪዩስ ጂሊንስኪና ቬራ ሶሎቪዮቫ ነበሩ፤ ስታኒስላቭስኪ በሞስኮ ከመሠረተው ከታወቀው ቴአትር የወጡ ናቸው። እነሱ የሚያስተምሩት ድምፅን ማሳመርና እጅን ማወናጨፍ አልነበረም። አንድ ተዋናይ ወደ መድረክ ከመውጣቱ አስቀድሞ ይህ የምጫወተው ሰው ከየት መጣ፣ ምን ይፈልጋል፣ ከሚፈልገውስ ነገር የሚከለክለው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት ይሉ ነበር። ቃሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ትምህርት ለተዋናይ ብቻ ሳይሆን ለደራሲም የሚሆን ትምህርት መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ሆርቶንና ጓደኞቹ ሜሪ ሃንተር ከምትባል አዘጋጅ ጋር ሆነው የአሜሪካ ተዋናዮች ማኅበር የተባለውን ትንሽ ጓድ አቋቋሙ። ተዋናዮቹ ከልዩ ልዩ የአሜሪካ ክፍል የመጡ ነበሩና እያንዳንዱ ስለ ተወለደበት አገር ያለ ጽሑፍ ከራሱ እያመነጨ እንዲጫወት ይደረግ ነበር። በኋላ በዳንስ ሥራዋ ስሟ እጅግ የተጠራው አግነስ ደ ሚል በዚህ ልምምድ ላይ ስትሠራ የሆርቶንን ጨዋታ አየችና ይህንን ነገር ለምን አትጽፈውም አለችው። እሱም ጻፈው። «ዋርተን ዳንስ» የተባለው አጭር ድርሰት በ1940 ዓ.ም. ታየ፤ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተውም ራሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጻፈበት አንዱ ምክንያት ለራሱ ጥሩ የጨዋታ ቦታ ለማግኘት ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ቴክሳስ ታውን» የሚባለው ሙሉ ድርሰቱ ሲታይ የኒው ዮርክ ታይምስ ሐያሲ ብሩክስ አትኪንሰን መጥቶ አየውና ድርሰቱን አመስግኖ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እኔን በጣም ያስደንቀኛል። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ የተመኘው፣ አባቱም በችግር ጊዜ ገንዘብ የከፈለበት የተዋናይነት ፍላጎት እንደ መጣ ሁሉ ድንገት ተወው። ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ነው የመጻፉ ደስታ ከመጫወቱ ደስታ እንደሚበልጥበት የተረዳው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይህን እሆናለሁ ብሎ በአደባባይ ከተናገረ በኋላ ሌላ ነገር እንደሚሻለው ቢያውቅ እንኳ እፍረት ይዞት ባለበት ይቀራል። ሆርቶን ፉት ግን 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደ ገና ጀማሪ ለመሆን አላፈረም። ያ ሁሉ የተዋናይነት ልምምድስ ባክኖ ቀረን? አልቀረም፤ ይህንንም ሥራው ራሱ ያሳያል።

ድርሰት ግን እንጀራ አልሆነለትም። «ኦንሊ ዘ ሃርት» የተባለው ድርሰቱ በ1944 ዓ.ም. በብሮድዌይ ቢታይም ብዙ አልቆየም። ለኑሮው ሲል በኒው ዮርክ በፔንሲልቫኒያ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በሚገኝ የመጻሕፍት መደብር የሌሊት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በዚያው መደብር ሊሊያን ቫሊሽ የምትባል ተማሪ ሥራ ይዛ መጣችና ተዋወቁ፤ በ1945 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። ከጋብቻቸው በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄደው እስከ 1949 ዓ.ም. በኪንግ ስሚዝ ትምህርት ቤት ቴአትር እያስተማረና እያሳየ ቆየ። በዚያ ዘመን በዋሽንግተን ጥቁርና ነጭ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ቴአትር እንዲያዩ አይፈቀድም ነበር። የሱ ቴአትር በር ግን ለሁሉም ክፍት ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ ወሬ አላበዛም፤ አድርጎት አለፈ።

ወደ ኒው ዮርክ ሲመለሱ ቴሌቪዥን የሚባለው አዲስ ነገር በየቤቱ መግባት ጀምሮ ነበር። ሆርቶን ፉት መጀመሪያ የጻፈው ጋቢ ሄይስ የተባለ ሽማግሌ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ለልጆች ታሪክ ለሚያወራበት ፕሮግራም ነው። ሥራው ታላቅ አልነበረም፤ ደመወዝ ግን ነበረው። ታላቁ ሥራ የመጣው ፍሬድ ኮ የተባለው የኤን ቢ ሲ የድራማ ኃላፊ በጠራው ጊዜ ነው። ፍሬድ ኮ እሑድ ማታ የሚታየውን የአንድ ሰዓት ድራማ ያዘጋጅ ነበር። ፊልኮ የተባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ፋብሪካ ወጪውን ስለሚችል ፕሮግራሙ የፊልኮ ቴሌቪዥን ቴአትር ይባል ነበር። ፓዲ ቻየፍስኪና ታድ ሞዝል ስማቸውን ያገኙት በዚሁ በፍሬድ ኮ ቤት ነው።

ስለ ያን ጊዜው ቴሌቪዥን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ከምናውቀው እጅግ የተለየ ነበርና። ምስልን በመግነጢስ ጥብጣብ ላይ ቀርጾ ማቆየት የተቻለው ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ድራማው የሚታየው ተዋናዮቹ በሚጫወቱበት በዚያው ደቂቃ ነበር። ተዋናይ ቃሉን ቢረሳ ወይም በሩ አልከፈት ቢል እንደ ገና እንጀምር ማለት የለም፤ በየቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየዋል። በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ክፍል ይሠራል፤ አንዱ ትርኢት ሲያልቅ ተዋናዮቹ በካሜራዎቹ ሽቦ ላይ እየዘለሉ፣ ልብሳቸውንም እየለወጡ ወደ ሌላው ክፍል ይሮጣሉ። ፈረስ ግልቢያና ጦርነት ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ደራሲው የሚቀረው ነገር ሰውና ሰው ተቀምጠው ሲነጋገሩ፣ ካሜራውም ቀርቦ ፊታቸውን ሲያይ ነው። ለብዙ ደራሲዎች ይህ እስር ቤት መስሎ ይታያቸው ነበር። በበረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያወጉ ሰዎችን ሲያዳምጥ ላደገው፣ የሰው ፍላጎት ከቃሉ እንደሚቀድም ከሩሲያውያኑ መምህራን ለተማረው ለሆርቶን ፉት ግን ልክ በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነለት።

ማርች 1 ቀን 1953 ዓ.ም. «የባውንቲፉል ጉዞ» የሚለው ድርሰቱ በቴሌቪዥን ታየ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ካሪ ዋትስ የምትባል ባልቴት በሂውስተን ከተማ በጠባብ ቤት ከልጇና ከምራቷ ጋር ትኖራለች። ምራቷ ባልቴቲቱ መዝሙር ስትዘምር ትቆጣለች፤ በየወሩ የሚመጣላትንም የጡረታ ገንዘብ ትቆጣጠራለች። ባልቴቲቱ ከሞቷ በፊት የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የተወለደችበትን ባውንቲፉል የሚባለውን መንደር ማየት ነው። የጡረታ ቼኳን ደብቃ ከቤት ጠፍታ አውቶቡስ ትሳፈራለች። በመንገድ ላይ ቴልማ ከምትባል ባሏ ወታደር ከሆነ ወጣት ሴት ጋር ትጨዋወታለች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ግን በባውንቲፉል ቀርታ የነበረችው የመጨረሻይቱ ነዋሪ መሞቷን ትሰማለች፤ መንደሩ ባዶ ሆኗል። ፖሊስም ወደ ልጇ ሊመልሳት ይደርሳል፤ ነገር ግን አዝኖላት በንጋት ወደ መንደሩ ይወስዳታል። ቤቱ ፈርሷል፤ እርሻው ዱር ሆኗል። እሷም ጥቂት ተቀምጣ አፈሩን ነክታ ከልጇ ጋር ወደ ከተማ ትመለሳለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

አንዳንድ ሰዎች በሆርቶን ፉት ድርሰት ውስጥ ምንም ነገር አይሆንም እያሉ ይነቅፉት ነበር። እውነት ነው፤ ሽጉጥ አይተኮስም፤ ሀብት አይወረስም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ትልቁ ነገር የሚሆነው ሰዎቹ ዝም በሚሉበት ጊዜ ነው። ልጅየው ሉዲ በመጀመሪያ ላይ የልጅነቱን ነገር አላስታውስም ይላል፤ በመጨረሻ ላይ በፈረሰው ቤት ፊት ቆሞ ማስታወሱን ያምናል። በዚህች አንዲት ነገር ውስጥ ከአገሩ ወጥቶ በከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የራሱን ጉዳይ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ዝምታ መጻፍ የሚችለው ዝምታን በመድረክ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ተዋናዮችም ይህን ስለሚያውቁ የሱን ድርሰት ለመጫወት ይሽቀዳደሙ ነበር። በዚያች ማታ ባልቴቲቱን ሆና የተጫወተችው ከድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን ጀምሮ የታወቀችው ሊሊያን ጊሽ ናት፤ ቴልማን ሆና የተጫወተችው ደግሞ ገና ወጣት የነበረችው ኢቫ ማሪ ሴንት ናት። ኪም ስታንሊና ጆአን ውድወርድም በዚያው ዓመት «ኤ ያንግ ሌዲ ኦቭ ፕሮፐርቲ» በተባለው የቴሌቪዥን ድርሰቱ ተጫውተዋል።

ይኸው «የባውንቲፉል ጉዞ» በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በኒው ዮርክ ሄንሪ ሚለር በሚባለው ቴአትር ቤት በመድረክ ቀረበ። ጨዋታው ተመሰገነ፤ ምራቲቱን የተጫወተችው ጆ ቫን ፍሊትም ቶኒ የተባለውን ሽልማት አገኘችበት። ነገር ግን የሚገባው ሕዝብ አነስተኛ ስለ ነበረ 39 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ።

በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፕሌይሃውስ 90» ለሚባለው የሲ ቢ ኤስ ፕሮግራም ከዊልያም ፎክነር ድርሰት «ኦልድ ማን» የተባለውን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። ኦልድ ማን ማለት የሚሲሲፒ ወንዝ የቁልምጫ ስም ነው። በ1927 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ አገር ባጠለቀለቀ ጊዜ አንድ እስረኛ በታንኳ ተልኮ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ያድናል፤ ነጻ ለመሆን ዕድል እያለውም ወደ እስር ቤቱ ይመለሳል። ሆርቶን ፉት ለዚህ ሥራው ለኤሚ ሽልማት ታጨ፤ አላገኘውም። አንባቢ ይህን «ኦልድ ማን» የሚለውን ስም እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

በዚያው ገደማ የኒው ዮርክ የቀጥታ ድራማ ዘመን ማለቅ ጀመረ። የቴሌቪዥን ሥራ ወደ ሆሊውድ እየተዛወረ፣ የካውቦይና የወንጀል ተከታታይ ፊልም ቦታውን እየያዘ ሄደ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሆርቶን ፉትም ወደ ሲኒማ ዞረ። ሃርፐር ሊ የጻፈችውን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የተባለ ልብ ወለድ ወደ ፊልም እንዲመልስ ሲጠየቅ መጀመሪያ አመነታ፤ የሌላ ሰውን ጥሩ መጽሐፍ ማበላሸት ፈርቶ ነበር። መጽሐፉን ሲያነብ ግን ከተማይቱ ዋርተንን ሆነችበት፤ ሰዎቹንም ያወቃቸው መሰለው። ሦስት ዓመት ያህል የሚወስደውን ታሪክ በአንድ ዓመት ወቅቶች ውስጥ አጠቃለለው። ያላግባብ ለተከሰሰ ጥቁር ሰው ጠበቃ የሆነውን አቲከስ ፊንችን ግሪጎሪ ፔክ ተጫወተ። አንድም ቃል የማይናገረውን ቡ ራድሊን ማን ይጫወት በተባለ ጊዜ ደግሞ ሆርቶን ፉት ከራሱ ድርሰት በአንዱ ላይ ያየውን ሮበርት ዱቫል የሚባል ያልታወቀ ወጣት አሳሰበ። ዱቫል በፊልም ሥራ የጀመረው በዚህ ነው። ፊልሙ በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሆርቶን ፉት ኦስካር ተሸለመ። አላገኝም ብሎ ስላሰበ ግን በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘም።

ኦስካር ያገኘ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ችግር አለበት ትሉ ይሆናል። የሱ ክፉ ዘመን የጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። «ዘ ቼዝ» የተባለው ድርሰቱ በ1966 ዓ.ም. ወደ ፊልም ሲለወጥ ሌላ ደራሲ ጽፎት ከሐሳቡ የራቀ ሆነ። «ሃሪ ሰንዳውን» ለተባለው የ1967 ዓ.ም. ፊልም የጻፈው ደግሞ ተጥሎ በሌላ ጽሑፍ ተተካ፤ ስሙ ግን በፊልሙ ላይ ቀረ። ቴአትሩም በዚያን ጊዜ ጩኸትና አዲስ ዓይነት ሙከራ የሚፈልግበት ዘመን ስለ ነበረ የሱን ጸጥተኛ ድርሰት የሚቀበል ጠፋ። ያን ጊዜ የሆሊውድን መንገድ ይዞ የሚፈለገውን ቢጽፍ ኑሮው በተደላደለ ነበር። እሱ ግን ቤተሰቡን ይዞ በሰሜን አሜሪካ ደን መካከል ወዳለው ወደ ኒው ሃምፕሺር ገጠር ገባ። ጭራሽ መጻፉን ትቶ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ለመሆን እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። ከዚህ ሐሳብ የመለሰችው ሚስቱ ሊሊያን ናት።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ አባቱና እናቱ ተከታትለው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በዚያ በበረዶ አገር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከአባቱ የልጅነት መከራ ጀምሮ ከ1902 እስከ 1928 ዓ.ም. ያለውን የቤተሰቡን ታሪክ በዘጠኝ ድርሰቶች ጻፈ። ዘጠኝ ድርሰት! አንድ እንኳ የሚያሳይለት ሰው መኖሩን ሳያውቅ ነው የጻፈው። የድርሰቶቹ ስም በአንድነት «ዘ ኦርፋንስ ሆም ሳይክል» ይባላል። የጻፈውም እንደ ልማዱ በማሽን ሳይሆን በእጁ ነበር።

ከዚህ የዝምታ ዘመን ያወጣው «ቴንደር መርሲስ» የተባለው የፊልም ጽሑፍ ነው። በመጠጥ የወደቀ አንድ የታወቀ ዘፋኝ በቴክሳስ ሜዳ ላይ ባለ ትንሽ ማረፊያ ቤት ከአንዲት ባልዋ ከሞተባትና አንድ ልጅ ካላት ሴት ጋር ሕይወቱን እንደ ገና ሲጀምር የሚያሳይ ነው። ብዙ የአሜሪካ የፊልም አዘጋጆች አልፈልግም አሉት፤ በመጨረሻ የተቀበለው ብሩስ ቤረስፎርድ የሚባል አውስትራልያዊ ነው። ዘፋኙን የተጫወተው ያው ሮበርት ዱቫል ነበር፤ ዘፈኑንም በራሱ ድምፅ ዘፈነ። ፊልሙ በ1983 ዓ.ም. ያለ ብዙ ማስታወቂያ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ዱቫልም ሆርቶን ፉትም ኦስካር ተሸለሙ፤ በዚህ ጊዜ ደራሲው በአዳራሹ ተገኝቶ ነበር። በ1985 ዓ.ም. «የባውንቲፉል ጉዞ» ፊልም ሆኖ ባልቴቲቱን የተጫወተችው ጄራልዲን ፔጅ ኦስካር አገኘች። ከዘጠኙ ድርሰቶችም የተወሰኑት ፊልም ሲሆኑ ሊሊያን ከሥራ አስኪያጆቹ አንዷ፣ ልጁ ሃሊም ዋና ተዋናይት ሆኑ።

ተዋናይነቱስ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበርን? በ1990 ዓ.ም. ኬን በርንስ ስለ አሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ያዘጋጀው ረጅም የቴሌቪዥን ትርኢት በታየ ጊዜ የደቡቡን መሪ የጄፈርሰን ዴቪስን ቃል ያነበበው ሆርቶን ፉት ነበር። በፓሳዴና መምህራኑ ተወው ያሉት የቴክሳስ አነጋገር ከ57 ዓመት በኋላ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ይህን ሳስብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።

ሊሊያን በ1992 ዓ.ም. ሞተች። እሱ ግን መጻፉን አላቆመም። በ1995 ዓ.ም. «ዘ ያንግ ማን ፍሮም አትላንታ» በተባለው ድርሰቱ የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 79 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ያን በ1958 ዓ.ም. የታየውን፣ ታጭቶ ያልተሸለመበትን «ኦልድ ማን» ለቴሌቪዥን እንደ ገና ጻፈው፤ በ1997 ዓ.ም. የኤሚን ሽልማት ተቀበለበት። በሁለቱ መካከል 39 ዓመት አለ። በ2000 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳይ ሰጠው።

በእርጅናው ዘመን የሚመላለሰው አያቱ ለወላጆቹ ወደ ሠሩት ወደ ዋርተኑ ቤት ነበር። ማርች 4 ቀን 2009 ዓ.ም. በሃርትፎርድ ከተማ፣ 93ኛ ዓመቱን ሊደፍን አሥር ቀን ሲቀረው ሞተ። በዚያ የነበረው ለዕረፍት አልነበረም። በኒው ሃምፕሺር ማንም ሳይጠይቀው የጻፋቸውን ዘጠኝ ድርሰቶች በሦስት ምሽት እንዲታዩ አሳጥሮ ለመድረክ ያዘጋጅ ነበር። ሥራው እሱ ከሞተ በኋላ በዚያው ዓመት በሃርትፎርድ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ታየ፤ እሱ የተቀበረው በዋርተን ነው።

በ2013 ዓ.ም. «የባውንቲፉል ጉዞ» እንደ ገና በብሮድዌይ ቀረበ። ባልቴቲቱን የተጫወተችው የ88 ዓመቷ ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰን ናት፤ ቶኒ ተሸለመችበት። ቴአትር ቤቱ ስሙ ተለውጦ ውስጡም እንደ ገና ተሠርቶ ነበር እንጂ ቦታው ያው በ1953 ዓ.ም. ድርሰቱ 39 ጊዜ ብቻ ታይቶ የተዘጋበት የሄንሪ ሚለር ቴአትር ቦታ ነው። ምራቲቱ የምትቆጣበትን መዝሙር ባልቴቲቱ በመድረክ ላይ ስትጀምር በአዳራሹ የተቀመጠው ሕዝብ አብሯት ይዘምር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ድርሰቱ ከነታይሰን ፊልም ሆኖ ከ61 ዓመት በፊት ወደ ተነሣበት ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ።